መብራት ሲደክም ማረፍ የሚያውቅ ዕቃ

ሆሳዕና ላይ ሲመሽ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ይደክማል። በየቤቱ ምጣድ ይጣዳል፣ ብየዳ ቤቱ የጀመረውን በር ለመጨረስ ይጣደፋል፣ ወፍጮ ቤቱ የመጨረሻውን ኩንታል ያስገባል። አምፖሉ ወደ ቢጫነት ያደላል፤ ፍሪጁ ለመነሳት ሞክሮ ያጉረመርምና ይተወዋል። በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫም ምሽቱ ከዚህ ብዙም አይለይም። «መብራት ሄደ» ሲባል ዕቃው ሁሉ ጠፍቶ ይቀመጣል፤ ቢያንስ ያለበት ሁኔታ ግልጽ ነው። «መብራት ቀነሰ» ሲባል ግን ዕቃው አልጠፋም፣ በቅጡም አይሠራም። ብዙ ዕቃ የሚበላሸው በዚህ መሃል ነው።

ዛሬ በብዙ ፍሪጅ፣ በስታብላይዘር፣ በእንቁላል መፈልፈያ፣ በውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያና በካርድ ቆጣሪ ውስጥ ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ቺፕ አለ። ዕቃው መቼ እንዲነሳ፣ መቼ እንዲቆም፣ ምን እንዲያስታውስ የሚወስነው እሱ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ቺፖች የሚደርሳቸው ቮልቴጅ ከልክ በታች ሲወርድ ራሳቸውን የሚያቆሙበት መጠበቂያ አብሯቸው ተሠርቷል። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ነገር ግን መጠበቂያው ብዙ ጊዜ ተዘግቶ፣ ወይም ለዕቃው በማይስማማ ልክ ተስተካክሎ ይቀራል። እንደ ሆሳዕናና ዱራሜ ባሉ ከተሞች የሚሠራ፣ የሚጠገን፣ በተለይም በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ይህ መጠበቂያ በርቶና በልኩ ተስተካክሎ ሊቀርብ ይገባዋል። ቀላል፣ ርካሽ፣ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።

አካባቢው ለኃይል ማመንጫ ሩቅ አይደለም። ሀዲያን በምዕራብ የሚያዋስነው የጊቤና የኦሞ ሸለቆ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ጊቤ ሁለትን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን 1,870 ሜጋ ዋት ጊቤ ሦስትን ይዟል። ከጎረቤት ወላይታ ሶዶ የሚነሳው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ይገባል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የህዳሴ ግድብ ተመርቋል። ኃይል መመንጨቱ ግን አንድ ነገር ነው፤ በመጨረሻው ቤት ሶኬት ላይ 220 ቮልት ሆኖ መድረሱ ሌላ ነገር ነው።

ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤት ያለው ሽቦ በረዘመና በቀጠነ ቁጥር፣ የሚያልፍበትም ጭነት በበዛ ቁጥር ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። በአንድ ፌዝ ላይ ያሉ አሥር ቤቶች በአንድ ሰዓት እንጀራ ቢጋግሩ መስመሩ ከ160 አምፔር በላይ ይሸከማል። ሶኬቱ ላይ የሚደርሰው ወደ 150 ቮልት ቢወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ከግማሽ በታች፣ 46 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ሙቀቱ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሆነ ነው። ያን ጊዜ ጋጋሪዋ ምጣዱን ረዘም ላለ ጊዜ ታበራለች፤ ጭነቱም ሳይነሳ ይቆያል። የፍሪጅ ኮምፕረሰርም የመነሻ ጉልበቱ በዚያው ልክ ያንሳል፤ መነሳት ሲያቅተው ሽቦው እየጋለ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይስባል።

ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ናት። አዳዲስ ቢሮዎች፣ ሆቴሎችና መኖሪያ ቤቶች በዚያው መስመር ላይ ተጨምረዋል። ደቡብ አፍሪካ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች በሚልኩት ገንዘብ የተሠሩ ቤቶች ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የውኃ ማሞቂያ ይዘው ነው የሚገቡበት። መስመሩን ማጠንከር የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ሥራ ነው፤ ዓመታትም ይወስዳል። ዕቃው እስከዚያ ድረስ ከተዳከመ መብራት ጋር መኖር አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የዛሬ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ 150 ቮልት ብዙም አይረብሻቸውም። ችግሩ የሚከፋው በተራ ትራንስፎርመር በሚሠሩት ላይ ነው። በአገር ውስጥ የሚገጣጠሙ መቆጣጠሪያዎችና ርካሽ ስታብላይዘሮች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ከ220 ወደ 9 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር 150 ሲገባለት 6 ቮልት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ያ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ጫፉ 7.3 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። ቮልቴጁን የሚያረጋው የተለመደው የ5 ቮልት ሬጉሌተር በደህና እንዲሠራ ደግሞ 7 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ሪሌይ የተባለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ሲበራ፣ ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተርም ሲያረጅ ያ ትንሽ ትርፍ ያልቃል፤ ቺፑ የሚደርሰው 5 ቮልት መውረድ ይጀምራል።

ቺፑ ኃይል ሲያንሰው እንደ አምፖል ደብዘዝ ብሎ አይሠራም። ትእዛዝ ይሳሳታል። ከማህደሩ ያነበበው መመሪያ ሌላ ሆኖ ይታየዋል፤ መሄድ ወደሌለበት የፕሮግራሙ ክፍል ይዘላል። በብዙ የተማሪ ሥራዎች ላይ የሚገኘው ኤቲሜጋ 328ፒ፣ ማለትም አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው የመለማመጃ ሰሌዳ ልብ የሆነው ቺፕ፣ ጥሩ ማሳያ ነው። አምራቹ በቴክኒክ ሰነዱ ላይ ኢኢፕሮም የተባለው ቋሚ ማህደር በዝቅተኛ ቮልቴጅ በሁለት መንገድ ሊበላሽ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አንደኛው መጻፉ ራሱ የተወሰነ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ ነው። ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ መመሪያውን ተሳስቶ በመፈጸሙ ነው። መፍትሔውንም እዚያው ይሰጣል፦ ኃይል በቂ ባልሆነበት ጊዜ ሁሉ ቺፑን ሪሴት ላይ (ሥራ አስቁሞ) ማቆየት፣ ለዚህም የዝቅተኛ ቮልቴጅ መጠበቂያውን ማብራት።

ይኸው ቺፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ግን መጠበቂያው ተዘግቶ ነው። ሲከፈት ሦስት ደረጃ አለው፦ 1.8፣ 2.7 እና 4.3 ቮልት። አርዱዊኖ ኡኖ ሆኖ ሲሸጥ 2.7 ላይ ተደርጎ ይመጣል። ኡኖ የሚሠራው በ16 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ በሰነዱ መሠረት በዚህ ፍጥነት በደህና ለመሥራት 3.8 ቮልት ገደማ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ከ3.8 እስከ 2.7 ባለው ክፍተት ቺፑ ከተፈቀደለት ወሰን ውጭ እየሠራ የሚያስቆመው የለም። ጠረጴዛ ላይ ከኮምፒውተር ኃይል ለሚወስድ መለማመጃ ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። ያው ሰሌዳ የእንቁላል መፈልፈያ ውስጥ ገብቶ ሾኔ ሲሄድ ግን ያሳስባል።

መፈልፈያው ለ21 ቀን ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ አካባቢ መጠበቅ፣ እንቁላሉን በየሰዓቱ ማገላበጥ፣ በ18ኛው ቀን ማገላበጡን ማቆም አለበት። ቀኑን የሚያስታውሰው በኢኢፕሮም ነው። በአንድ ምሽት የኃይል መዋዠቅ የቀን ቁጥሩ ቢዛባ ወይም የሙቀት ልኩ በሌላ ቁጥር ቢተካ፣ ማሽኑ ጠዋት በሰላም በርቶ ይታያል። ባለቤቱ ኪሳራውን የሚያውቀው ጫጩት ሳይወጣ ሲቀር ነው። ያን ጊዜም የሚወቀሰው እንቁላሉ ወይም ዶሮዋ ይሆናል እንጂ ማንም ስለ 2.7 ቮልት አያስብም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ስታብላይዘር ነው፤ ቤተሰቡ ሌላውን ዕቃ አምኖ የሰጠው ለእሱ ነውና። ሪሌይ ያለው ስታብላይዘር የሚገባውን ቮልቴጅ እየለካ የትራንስፎርመሩን መውጫዎች ይቀያይራል። 150 ገብቶ 220 እንዲወጣ ማባዣው 1.47 አካባቢ መሆን አለበት። የምሽቱ ጭነት ቀንሶ፣ ወይም ተቋርጦ የነበረው ኃይል ተመልሶ 220 ሲገባ ሪሌዩ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ይኖርበታል። በዝቅተኛ ቮልቴጅ ቺፑ ተሳስቶ ደርቆ ከቀረና ሪሌዩ በከፍተኛው ማባዣ ላይ እንደተያዘ ከቆየ፣ ወደ ፍሪጁና ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው ከ320 ቮልት በላይ ይሆናል። ጠባቂው ዕቃ ጎጂ የሚሆንበት መንገድ ይህ ነው። ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሲወጣ ለብቻው የሚቆርጥ ሌላ ክፍል ከሌለው፣ የቤቱ ዕቃ ደህንነት በሙሉ በዚያች ቺፕ ቅንብር ላይ ይንጠለጠላል።

ቅንብሩን ማስተካከል ራሱ የሚያስፈራ ሥራ አይደለም፤ ማሰብን ግን ይጠይቃል። በ5 ቮልትና በ16 ሜጋ ኸርዝ ለሚሠራ ኤቲሜጋ ትክክለኛው ደረጃ 4.3 ነው። ይህ ቁጥር ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ ከ4.1 እስከ 4.5 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቀጭን ገመድ 4.5 ቮልት ብቻ የሚደርሰው ሰሌዳ ያለ ምክንያት ደጋግሞ ሊነሳና ሊወድቅ ይችላል። እዚህ ላይ መታረም ያለበት ገመዱና የኃይል ምንጩ ነው። ቺፑ በ3.3 ቮልትና በ8 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ 2.7 ተስማሚ ነው፤ 4.3 ቢደረግ ከነጭራሹ አይነሳም። ቅንብሩ በተራው ፕሮግራም ውስጥ አይጻፍም፤ በፕሮግራመር መሣሪያ ለብቻው ይጻፋል። ብዙዎች የሚዘሉትም ስለዚህ ነው፦ ፕሮግራሙ ሠርቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ሥራው አልቋል ይባላል።

ሌሎች ቺፖችም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ፒክ 16ኤፍ877ኤ 4 ቮልት አካባቢ የሚያቆም መጠበቂያ አለው፤ ማብራትና ማጥፋት የባለሙያው ፋንታ ነው። ኤስቲኤም32 ኤፍ103 ከ2.2 እስከ 2.9 ቮልት ባሉ ስምንት ደረጃዎች አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ክፍል ይዟል፤ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ፕሮግራሙ የጀመረውን ጽሕፈት ጨርሶ ይቆማል።

በኢኤስፒ32 ላይ የተስፋፋው ልማድ ግን ሊወገዝ ይገባል። ይህ ቺፕ ዋይፋይ ሲያበራ በቅጽበት መቶዎች ሚሊ አምፔር ይስባል። የኃይል ምንጩ ደካማ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርድና መጠበቂያው ቺፑን ሪሴት ያደርጋል፤ ምክንያቱንም በስክሪን ላይ ይጽፋል። ብዙ ጀማሪዎች ያን መልእክት ሲያዩ መጠበቂያውን የምትዘጋ አንዲት መስመር ኮድ ቀድተው ይለጥፋሉ። መልእክቱ ይጠፋል፤ ኃይሉ ግን እንዳነሰ ነው። ቺፑም ከዚያ በኋላ ሳይናገር ይሳሳታል። መምህራን በመመረቂያ ሥራ ውስጥ ያቺን መስመር ባገኙ ቁጥር ምክንያቷን መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

ዋችዶግ የተባለው ሰዓት ቆጣሪ አለና ሌላው አያስፈልግም የሚሉም አሉ። ዋችዶግ የደረቀን ፕሮግራም ዳግም ያስነሳል፤ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የሚሠራው ስህተቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ማህደሩ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ከተጻፈ ዋችዶግ አያርመውም።

የተሻለው አሠራር ሁለት ደረጃ ያለው ነው። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ከሬጉሌተሩ በፊት ካለው መስመር ይወሰዳል፤ ድካሙ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነውና። መስመሩ በደህና ቀን 12 ቮልት የሚይዝ ቢሆን 10 ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ፤ ሬጉሌተሩ 7 እስኪደርስ ይሠራል። 1,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ካለና ሰርኪዩቱ 50 ሚሊ አምፔር ከወሰደ፣ በመሃሉ 60 ሚሊ ሰከንድ ይገኛል። ኢኢፕሮሙ አንድ ባይት ለመጻፍ 3.4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ 17 ባይት ማዳን ይቻላል፤ ለቀን፣ ለሰዓትና ለሙቀት ልክ ከበቂ በላይ ነው። ሪሌዮቹ መጀመሪያ ከተለቀቁ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ደረጃ፣ የ4.3 ቮልቱ መጠበቂያ፣ ቺፑን ዝም ያሰኘዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሪሴት ላይ ያለ ቺፕ እግሮቹን ይለቃል፤ ሪሌዩን አብሪም አጥፊም አይልም። ስለዚህ ቺፑ ዝም ባለበት ጊዜ ሪሌዩ ወደ ደህናው ጎን እንዲወድቅ አንዲት ሬዚስተር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ኃይሉ ሲመለስም ኮምፕረሰሩ ወዲያው መነሳት የለበትም። ሦስት ደቂቃ ያህል መታገስ ጋዙ ግፊቱን እንዲያስተካክል ዕድል ይሰጠዋል።

መስመሩ ይስተካከል እንጂ ሸክሙ ለምን በዕቃ ሠሪው ላይ ይወድቃል የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነዋሪው ለከፈለበት 220 ቮልት መብት አለው። ይሁንና መስመራቸው ጠንካራ በሆነባቸው አገሮችም የቮልቴጅ መውደቅ አይቀርም። አይኢሲ 61000-4-11 የተባለው ዓለም አቀፍ የፍተሻ ደረጃ ዕቃዎች ቮልቴጁ በቅጽበት ወደ 80፣ ወደ 70፣ ወደ 40 በመቶ ሲወርድ፣ ጨርሶም ሲጠፋ እንዴት እንደሚሆኑ የሚፈትነው ለዚያ ነው። መስመሩ የተሻለ በሆነ አገር የሚጠየቅ ጥንቃቄ በሆሳዕና ይቅር ሊባል አይችልም።

መጠበቂያው ባትሪ ይጨርሳል የሚለው ክርክር ለአነስተኛ የፀሐይ ኃይል ዕቃዎች እውነትነት አለው። መጠበቂያው በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮ አምፔር ይወስዳል፤ ወራት በአንድ ባትሪ ለሚቆይ ዕቃ ይሰማል። ኤቲሜጋ 328ፒ ግን ቺፑ ሲተኛ መጠበቂያውም እንዲዘጋ፣ ሲነቃ እንዲበራ ማድረግ ያስችላል። ሶኬት ላይ ለሚውል ዕቃ ደግሞ ይህ ክርክር ቦታ የለውም።

ሥራውን የሚጀምሩ ተቋማት እዚያው አሉ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናና በዱራሜ ካምፓሶቹ ያስተምራል፤ የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ወጣቶችን ያፈራሉ። ለመመረቂያ የሚቀርብ ማንኛውም መቆጣጠሪያ በመምህራን ፊት በተለዋዋጭ ትራንስፎርመር ቢፈተን ብዙ ነገር ይለወጣል። ቮልቴጁ ከ220 ቀስ እያለ እስከ 100 ይውረድ፣ ቀስ እያለ ይመለስ፤ ከዚያ በድንገት ይውረድና ይመለስ። ከፈተናው በኋላ በማህደሩ ያለው ቁጥር ከፊተኛው ጋር ይመሳከር። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ፍተሻ ነው። ተማሪው ስለ መብራት መዳከም መጽሐፍ ማንበብ አይጠበቅበትም፤ በቤቱ ያውቀዋል። የሚጎድለው ያንን እውቀት ከቺፑ ቅንብር ጋር የሚያገናኝለት ትምህርት ነው።

ጥገና ቤቶችም ድርሻ አላቸው። የስታብላይዘር ሰሌዳ ሲቀየር ወይም ቺፕ እንደገና ሲጻፍ ቅንብሩን አንብቦ ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው። ደንበኛው መጠየቅ ከጀመረ ባለሙያው ይለምደዋል፤ ሻጩም ዕቃው በስንት ቮልት እንደሚያቆም የሚያውቅ አቅራቢ ይፈልጋል።

ከሁሉ ፈጥኖ ለውጥ ሊያመጣ የሚችለው ግን የመንግሥት ግዥ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። ከንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ ማቀዝቀዣ፣ ስታብላይዘር፣ የላቦራቶሪ ዕቃ በጨረታ ይገዛል፤ ለውኃ ጽሕፈት ቤቶች የፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር እንዲሁ። የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ ኃይሉን፣ መጠኑንና ዋስትናውን የሚጠይቁ መስመሮች አሉ። ከእነዚያ ጎን ሦስት መስመር ይጨመር፦ ዕቃው በስንት ቮልት ሥራውን እንደሚያቆም ይገለጽ፤ ኃይል ሲዋዥቅ የተቀመጠው መረጃ እንደማይጠፋና መውጫዎቹ ወደ ደህናው ጎን እንደሚወድቁ አቅራቢው ያረጋግጥ፤ ርክክቡ የሚፈጸመው ዕቃው ከ220 እስከ 100 ቮልት ወርዶ ሲመለስ ከታየ በኋላ ይሁን። የሀዲያና የከምባታ ዞኖች ጤና መምሪያዎች የሚቀጥለውን የማቀዝቀዣ ጨረታ ሲያወጡ እነዚህን መስመሮች ለመጻፍ የማንንም ተጨማሪ በጀት አይጠብቁም።